«ድርቆሹ ሥራ ነው ወይስ መዝናኛ?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 44 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሰሚት እንኖራለን። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጫንጮ አካባቢ ነው። አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ከቤተሰቡ መሬት ውስጥ ስድስት ጥማድ ያህል፣ አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ፣ የሣር ሜዳ አለች። ክረምት ውሃ ስለሚተኛባት ለእህል አትሆንም፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሣሯን እያሳጨዱ ድርቆሽ ሲሸጡ ኖረዋል። የይዞታ ደብተሩ አሁን በእናቴ ስም ነው። ታናሽ ወንድሜ ከእናቴ ጋር ይኖራል፤ ሦስት የሚታለቡ የፈረንጅ ላሞች አሉት።

አባቴ ካረፉ ወዲህ ሜዳዋን የምከታተለው እኔ ነኝ። ከመስከረም እስከ ኅዳር መጨረሻ ቅዳሜና እሁዴን እዚያ አሳልፋለሁ። ከአጫጆቹ ጋር አጭዳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አስራለሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ወገቤ ቢያመኝም ዓመቱን ሙሉ የማላገኘውን እንቅልፍ የምተኛው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

ባለፈው ዓመት 380 እስር አገኘሁ። ኅዳር ላይ አንዱን በ190 ብር፣ ሱሉልታ ድረስ አድርሼ ለነጋዴ አስረከብኩ፤ 72,200 ብር ሆነ። ለማሳጨድና ለመሰብሰብ 21,000፣ ለማሳሰርና ለሽቦ 11,400፣ ለጠባቂ 9,000፣ ለአይሱዙና ለጫኝ 12,000 ብር ከፍያለሁ። 18,800 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ባለቤቴ «ቤንዚኑንስ?» አለችኝ። ስደምረው 9,000 ብር አካባቢ ሆነ። ሳይታጨድ በፊት አንድ ከብት አርቢ ሣሩን እንደቆመ በ30,000 ብር ልግዛችሁ ብሎን ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ የ300,000 ብር እቁብ ደርሶኛል። የማጨጃ ሞተርና አነስተኛ የማሰሪያ ማሽን ልገዛ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ገንዘቡ የቤታችንን ጣሪያ ለማደስና ለልጆቹ ትምህርት የታሰበ መሆኑን እያስታወሰች «ወይ ሥራ ነው በልና አትርፍ፣ ወይ መዝናኛ ነው በልና ልኩን ንገረኝ» ትለኛለች። ተኳርፈናል። በዚህ ላይ ወንድሜ ባለፈው ግንቦት ለላሞቹ ድርቆሽ ከሰው አንዱን እስር በ270 ብር እንደገዛ ከእናቴ ሰማሁ፤ ለእኔ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ማሽኑን ልግዛ ወይስ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሒሳብዎን ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። «ልተወው» የሚለውን ግን እዚያው አቆይተን እንነጋገር፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ገና ወደዚያ የሚያደርስ ነገር አላየሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባትዎ በሕይወት ቢኖሩና ሣሩን እሳቸው ቢያሳጭዱ ኖሮ እርስዎ በየሳምንቱ ጫንጮ ይመላለሱ ነበር? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ሣሩን ራሱን ወደውታል ማለት ነው። «አይመስለኝም» ከሆነ ደግሞ በሜዳው ላይ የሚፈልጉት አባትዎን ሊሆን ይችላል፤ ይህም ምንም ነውር የለበትም፤ ሦስት ዓመት ለአባት ሐዘን ረጅም ጊዜ አይደለም። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለባለቤትዎ ሲያስረዱ ነው። «ትርፍ አለው» እያሉ የሚከራከሩላቸው ነገር የልብ ጉዳይ ከሆነ፣ በትርፍ ስሌት ሲሸነፉ ልብዎም አብሮ የተሸነፈ ይመስልዎታል። ኩርፊያውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ባለቤትዎ ስለ ቤንዚኑ ያነሱት ትክክል ነው፤ ከ18,800 ላይ 9,000 ሲነሳ የሚቀረው 9,800 ብር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጠውን ቁጥር ራሱ ደብዳቤዎ ይዞታል፤ ሣሩ እንደቆመ የቀረበልዎ 30,000 ብር። ያንን ቢቀበሉ አጫጅ አይቀጥሩም፣ ሽቦ አይገዙም፣ በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ አያስጨንቅዎትም፤ የሚጠበቅብዎ ብሩን ተቀብሎ ለእናትዎ መስጠት ብቻ ነበር። ስለዚህ የእርስዎ ድካም ሲመዘን መነሻው ዜሮ መሆን የለበትም፤ ይህ 30,000 ብር ነው። ከእሱ ላይ 9,800 ሲቀነስ 20,200 ብር ይቀራል። ባለፈው ዓመት በሜዳው ላይ ላሳለፉት ጊዜ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ሃያ ሺህ ብር ለአንድ ሰው የዓመት እረፍት ብዙ ነው? እኔ አይመስለኝም። ከተማ ውስጥ ቅዳሜና እሁድን በምግብ ቤትና በመጠጥ የሚያሳልፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ያወጣል፤ እንደ እርስዎም ጥሩ እንቅልፍ አይተኛም። ዋጋው አውቀውት፣ ተነጋግረውበት ሲከፈልና ማንም ሳያውቀው ሲከፈል ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ልናገርና ይቅር ይበሉኝ። ያንን ሃያ ሺህ ብር የከፈለው ማን ነው? ደብተሩ በእናትዎ ስም ነው። እንደቆመ ቢሸጥ ኖሮ 30,000 ብሩ የእሳቸው ገቢ ነበር። ከተረፈው 18,800 ብር ለእሳቸው ስንት እንደደረሰ አልነገሩኝም። ስኳርና ዘይት ይዘው እንደሚሄዱ አልጠራጠርም፤ ያ ግን የልጅ ወግ ነው እንጂ የሜዳው ገቢ አይደለም። እናትዎ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አይናገሩዎትም። ልጃቸው በየሳምንቱ ቤታቸው መምጣቱ ለእሳቸው ከሣሩ ሁሉ ይበልጣልና ሒሳቡን ሊያነሱ አይችሉም። ስለዚህ ማንሳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ከዘንድሮ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ገዢ የቆመውን ሣር ዋጋ ለእናትዎ ቆርጠው ይክፈሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትርፍም ኪሳራም የእርስዎ ይሁን። በዚህ መንገድ ደስታዎን ከማንም ትከሻ ላይ አንስተው በራስዎ ላይ ያደርጉታል።

ማሽኑን በተመለከተ ሐሳቤን በአጭሩ ልንገርዎት፤ አይግዙ። 300,000 ብሩን ማሽኑ 10 ዓመት ያገለግላል ብለን ብናካፍለው በዓመት 30,000 ብር ነው፤ መለዋወጫና ነዳጅ ሳይጨመር። እርስዎ ለማጨድ፣ ለመሰብሰብና ለማሰር በአንድነት የከፈሉት 32,400 ብር ነው፤ ማሽን ቢኖርም የሚያገላብጥ፣ የሚሰበስብና የሚሸከም ሰው መቅጠርዎ አይቀርም። በዚያ ላይ ማሽኑ በዓመት የሚሠራው ሁለትና ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ለጎረቤት አከራየዋለሁ እንዳይሉኝ፤ የእርስዎ ሣር በደረሰበት ሳምንት የጎረቤትዎም ደርሷል። የጫንጮ ሜዳ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሣሩ ለጋ ሳለ ለማጨድ ሲፈልጉ መሬቱ ገና አልጠጠረም፣ ጎማ ይሰምጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የእስሩን ክብደት ማስተካከል ከፈለጉ አንድ አናጢ የእንጨት ሳጥን ይሥራልዎ፤ ሣሩን እየረገጡ ሞልተው በገመድ የሚያስሩበት ዓይነት፤ ለእርስዎ መጠን ከበቂ በላይ ነው። የእቁቡ ገንዘብ ለጣሪያውና ለልጆቹ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው የወንድምዎ ነገር ነው። እርስዎ ኅዳር ላይ ከእናትዎ ደጅ የተነሳውን እስር በ190 ብር ሸጡ፤ ወንድምዎ ግንቦት ላይ ከሌላ ሰው በ270 ገዛ። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ግቢ፣ በመካከላቸው በእያንዳንዱ እስር የ80 ብር ልዩነት ተፈጠረ። ዝም ማለቱ ንቀት አይመስለኝም። ታላቁ ነዎት፣ ከከተማ መጥተው የአባትዎን ሥራ ይዘዋል፤ «ለእኔም አስቀርልኝ» ለማለት ከብዶት ይሆናል። ምናልባት አባትዎ በሕይወት ሳሉ ለላሞቹ የሚሆነው ሳይጠየቅ ይቀርለት ነበር። እስቲ ያስታውሱ፣ እንዲያ ነበር?

አሁን ይህን ልብ ይበሉ። አንድ እስር 15 ኪሎ ቢመዝን የእርስዎ 380 እስር 5,700 ኪሎ ነው፤ በሄክታር ወደ 4 ቶን የሚጠጋ። ማዳበሪያ ላልነካው የደጋ ሜዳ ይህ ጥሩ የሚባል ነው፤ ሜዳዋ አልበደለችዎትም። አንዲት 400 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የተዳቀለች ላም በቀን 10 ኪሎ አካባቢ ድርቆሽ ትበላለች፤ ወተት የሚያመጡት ፉርሽካና ፋጉሎ ሳይቆጠሩ። ሦስቱ ላሞች በቀን 30 ኪሎ፣ ሁለት እስር ማለት ነው። 380 እስር 190 ቀን ይሄዳል። ከኅዳር መጨረሻ ተነስተው ቢቆጥሩ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አዲሱ ሣር ሲያቆጠቁጥ ይደርሳል። የአባትዎ ሜዳና የወንድምዎ በረት በልክ የተሰፉ ናቸው።

ሁሉም ለላሞቹ ቢሆንስ? አይሱዙ አያስፈልግም። ላሞቹ እዚያው ስለሆኑ እስሩም አያስፈልግም፤ እንደ ቀድሞው በክምር ይቀመጣል። የሚቀርዎት ወጪ የማሳጨጃና የመሰብሰቢያው 21,000 እና የጠባቂው 9,000 ብር ብቻ ነው። ወንድምዎ ያንኑ ኅዳር ላይ የሸጡበትን ዋጋ ቢከፍል እንኳ ለእሱ ከግንቦቱ በጣም ይረክሳል፤ እርስዎም ከ72,200 ላይ ወጪውን ቀንሰው 42,200፣ ቤንዚንዎንም ቀንሰው 33,200 ብር ይቀርዎታል። ለእናትዎ 30,000 ከፍለው 3,200 ብር ይተርፍዎታል። ማሽን ሳይገዙ፣ አንድም ጥማድ ሳይጨምሩ፣ የሃያ ሺህ ብሩ ወጪ እንዳለ ይጠፋል ማለት ነው። በእርግጥ ወንድምዎ ገለባም ሊኖረው ስለሚችል ሁሉንም ላይፈልግ ይችላል፤ ኅዳር ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብም አይኖረውም። የወተት ገንዘብ በየወሩ ስለሚገባ በየወሩ ይክፈልዎት፤ ከዋጋውም ትንሽ ቢቀንሱለት የወንድም ነው። የተረፈውን ብቻ አስረው ይሽጡ፤ ከቻሉም እስከ የካቲትና መጋቢት አቆይተው፣ ገዢው ራሱ መጥቶ እንዲጭን አድርገው።

ለላሞቹ ካሰቡት የማጨጃውን ጊዜም ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ዝናቡ ፈጽሞ እስኪወጣ ብሎ ኅዳር ድረስ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሣሩ ዘሩን አራግፎ ግንዱ እንጨት ሆኗል፤ ክምሩ ትልቅ ይመስላል እንጂ ፕሮቲኑ ወርዷል። ከ100 እጅ 7 በታች ሲወርድ በላሟ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ወተቷ ይነጥፋል። ሣሩ ግማሽ በግማሽ ሲያብብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢታጨድ በእጅጉ ይሻላል፤ በተለይ የእናንተ ሜዳ ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠሉ የመኖ ተክል ካለበት። አደጋው ዝናቡ ነው። ዝናብ የመታው የታጨደ ሣር ይጠቁራል፣ ጥሩ ነገሩም ይታጠባል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይድፈሩት፤ ሁለት ጥማድ አስቀድመው ይሞክሩ፣ የቀረውን ሰማዩን እያዩ። ሲያገላብጡ ጠዋት፣ ጤዛው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቢሆን የማገጡ ቅጠል አይረግፍም።

መድረቁን ለማወቅ እንዲህ ያድርጉ፦ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ሣር ቆርጠው ክዳን ባለው ደረቅ ብርጭቆ ይክተቱ፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁት። ጨው ከተጓጎለ ገና ነው፤ አንድ ቀን ይጨመርለት። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ይሻግታል፣ ይግላል፣ ብሶበትም ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ክምሩን ከመሬት በድንጋይና በእንጨት ከፍ ያድርጉት፣ አናቱን ይሸፍኑ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንድምዎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደድ እያደረገ ሙቀቱን ይፈትሽ። ሲሞቅ ካገኘው ክምሩ ሳይውል ሳያድር ይከፈት። ዩሪያ መበተን ሊያምርዎ ይችላል፤ ምርቱን እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ግን ውሃ በሚተኛበት መሬት ብዙው ይባክናል። ከፈለጉ በአንድ ጥማድ ላይ ብቻ፣ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ አማክረው ይሞክሩ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ የጠየቁት ጥያቄ ከእርስዎ የራቀ ሰው ጥያቄ አይደለም። «ተወው» አላሉም፤ «ልኩን ንገረኝ» ነው ያሉት። ይህን የሚል ሰው ልኩ ከታወቀ ለመስማማት ዝግጁ ነው። እርስዎ እስካሁን የመለሱት በትርፍ ነው፤ ቁጥሩም አላገዘዎትም። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እንዲህ ቢሏቸውስ፦ «መዝናኛ ነው። አባቴንም እዚያ አገኘዋለሁ። ባለፈው ዓመት ሃያ ሺህ ብር አስወጥቶናል፤ አላወቅሁትም ነበር። ማሽኑ ቀርቷል። ዘንድሮ ከቤታችን ከዚህ በላይ እንዳይወጣ የምንስማማበትን ቁጥር አንቺ ንገሪኝ።» ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ምናልባት ቅር ያላቸው ገንዘቡ ሳይሆን ለሦስት ወር ያህል በእያንዳንዱ ቅዳሜና እሁድ ብቻቸውን ከልጆች ጋር መቅረታቸው ሊሆን ይችላል።

እንዲያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ሜዳዋ በየሳምንቱ አትፈልግዎትም። በማጨጃው፣ በማገላበጫውና በመከመሪያው ጊዜ መገኘትዎ ይጠቅማል፤ በቀሩት ሳምንታት ጠባቂና ወንድም አለ። አራት ወይም አምስት ቅዳሜና እሁድ የእርስዎ ይሁን፤ ቀኖቹን በሞባይል ሳይሆን ግድግዳ ላይ ባለው መቁጠሪያ አብራችሁ አክብቡባቸው፤ የቀሩት የቤት ናቸው። በአንዱ ላይ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ፤ አያታቸው ዘንድ ይደሩ፣ ባለቤትዎም ያን ቀን ለራሳቸው ይዋሉ። እሳቸው ሣር እንዲወዱ አይጠብቁ፤ ላይወዱ መብታቸው ነው።

በመንገዱ ላይ የሚያዩት ነገር እንዳለ እገምታለሁ፤ ከሱሉልታ ጀምሮ ድርቆሽ ይታጨድባቸው የነበሩ ሜዳዎች ብዙዎቹ ዛሬ ቤትና መጋዘን ሆነዋል። ለከተማዋ ላሞች የሚበላ ሣር ያቆየ ሰው ቁም ነገር እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም።

አሁን ከሁሉም በፊት ወንድምዎን ያነጋግሩ፤ ነጋዴው ለዘንድሮው ዋጋ ሳይደውል። በስልክ አይሁን፤ ጫንጮ ሄደው፣ ላሞቹ ሲታለቡ አጠገቡ ቆመው ይሁን። «ባለፈው ግንቦት መግዛትህን ሰምቼ አዝኛለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ቀጥለውም ስንት እስር እንደሚበቃው ይጠይቁት። እሱ የሚለውን ቁጥር ይያዙና ለነጋዴው የሚሸጡትን ከዚያ በኋላ ይወስኑ። የእናትዎንም ድርሻ ሦስታችሁ ባላችሁበት ተነጋግራችሁ በወረቀት ያስፍሩት፤ ደብተሩ የእሳቸው ነውና የመጀመሪያው ክፍያ ሣሩ ሳይታጨድ በእጃቸው ይግባ።